መንገዱ የተዘጋበት እሑድ

የመጨረሻ ልጄ ብስክሌት የጀመረችው ከአባቷ ጋር እልህ ተጋብታ ነው። ባለቤቴ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ከጎሮ ሃያ ሁለት ሲመላለስ የኖረ ሰው። ሹፌር ሁሉ አንድ የሚጠላው ነገር አያጣም። የእሱ ብስክሌተኛ ነበር። ራት ላይ በተቀመጥን ቁጥር የዕለቱን ብስክሌተኛ ያነሣል።

"ዛሬም አንዱ በቀኝ በኩል ሹልክ ብሎ ፊቴ ድቅን። እግዜር ነው ያተረፈው፣ እኔ አይደለሁም።"

ልጃችን ይህን እየሰማች አደገች። አንድ ምሽት "እኔ ልሁና ብስክሌተኛው፤ እኔን እንኳ አይተህ ታልፋለህ" አለችው። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ብዙም ሳይቆይ ከሰፈራችን የማይርቅ አንድ ክለብ ተቀበላት፤ ብስክሌት ሰጣት፣ አሠልጣኝ መደበላት። ባለቤቴ ራት ላይ ብስክሌተኛ ማንሣቱን ተወ። ከዚያ አንድ ማለዳ ልምምድ ስትወጣ እሱም ሚኒባሱን አስነሥቶ ተከተላት። መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ፣ ቀስ ብሎ፣ ሌላ ሹፌር እንዳይገፋት ከኋላዋ። ተሳፋሪ ሳይጭን ሲሄድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ልማዱ ሆነ።

እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ጡረታዬ ቀርቧል። ዕድሜዬን ሙሉ የዓመት ሪፖርት ስተይብ ስለኖርኩ ከቃሎቹ ጋር እንተዋወቃለን። በሪፖርት ቋንቋ ሳይሠራ የቀረ ሥራ የለም፤ ተግዳሮት የገጠመው ሥራ ነው ያለው። የተሠራውም ሥራ ተሠራ አይባልም፤ በስኬት ተጠናቀቀ ይባላል።

እናቴ ለጎደለሽ ከማማረርሽ በፊት ለተሰጠሽ አመስግኚ እያለች አሳድጋኛለች። ስለዚህ ስለ ብስክሌት ፌዴሬሽናችን የማስታውሰውን ከምስጋና እጀምራለሁ። በዚያ ዓመት ለልጄ ካናቴራ ሰጥቷታል፤ ሰፊ ስለነበር አባቷም ይለብሰዋል። ስለ ብስክሌት አያያዝ ሥልጠና ሰጥቷታል፤ ብስክሌት ባይኖርበትም ትምህርቱ በሥዕል የተደገፈ ነበር። እኔንም ትዕግሥት አስተምሮኛል። ለሁሉም ተመስገን።

ነገሩ ይህ ነው። ከሚቀጥለው ፋሲካ በኋላ በጎረቤት አገር የወጣቶች ውድድር ነበር። ከሴቶቹ ሁለት ይሄዳሉ ተባለ። ሁለቱን ለመምረጥ አንድ የማጣሪያ ውድድር ይደረጋል። ለልጄ የመጨረሻዋ ዓመት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋ ከወጣቶቹ ምድብ ያልፍና ከትልልቆቹ ጋር እንደ አዲስ መጀመሯ ነው። ስለዚህ ያቺ ማጣሪያ ተደረገች አልተደረገች የሚለው ለሌላው ወሬ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ግን የእንቅልፍ ጉዳይ ነበር።

ማጣሪያው እሑድ ማለዳ ጎሮ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። መንገዱ ከንጋት ጀምሮ ይዘጋል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ይከፈታል። እኔ ሳሊተ ምሕረት ኪዳን አድርሼ፣ ነጠላዬን እንዳጣፋሁ መጣሁ። ልጆቹ መስመሩ ላይ ተደርድረዋል። ባነሩ ተሰቅሏል። የፕላስቲክ ወንበሮች ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። ትራፊኮቹ መንገዱን ዘግተዋል። የቀሩት የክብር እንግዳው ብቻ ነበሩ።

ጠበቅን። ልጆቹ መጀመሪያ ሰውነታቸውን አሟሟቁ፣ ቀጥሎ ቆሙ፣ ቀጥሎ ቀዘቀዙ። የልጄ አሠልጣኝ ወደ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ሄደ። ኃላፊው ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ የለበሰ፣ ሁለት ስልክ የያዘ፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው።

"ለምን አንጀምርም? እሳቸው ሲደርሱ ይናገራሉ" አለው አሠልጣኙ።

"በይፋ ሳይከፈት?"

"መንገዱ እኮ የሰዓት ነው።"

"ወንድሜ፣ ውድድር በይፋ ሳይከፈት ከሮጣችሁ ልምምድ ነው የሚባለው" አለው ኃላፊው፤ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለሚያወራ ሁለቱንም እኛም እንሰማ ነበር። ክቡርነትዎ የት ደረሱ አለ። ደርሻለሁ፣ ግን መንገድ ተዘግቶብኛል አሉ። የቱ መንገድ አለ። ይሄ የእናንተው አሉ።

ለካ እንግዳው በሰዓቱ ነው የመጡት። ትራፊኩ አቆማቸው። ውድድር አለ፣ ማንም አያልፍም አላቸው። ውድድሩን የምከፍተው እኔ ነኝ ቢሉት፣ ጌታዬ ውድድሩ ካለቀ በኋላ ይከፍቱታል ብሎ በሰሚት በኩል እንዲዞሩ መራቸው። ሰሚት ደግሞ ከጎሮ የተመለሰው መኪና ሁሉ የተከማቸበት ነው። ፌዴሬሽኑ ለውድድሩ በዘጋው መንገድ የውድድሩን እንግዳ ውጭ ዘግቶ፣ ከዚያ እንግዳው ካልገቡ አንጀምርም ብሎ ቆመ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ሚኒባሱ ላይ ተደግፎ "በዚህ ሁሉ ዘመን የታክሲ ሥራ እንዲህ ያለ መጨናነቅ ሠርተን አናውቅም" አለ።

እንግዳው ደረሱ፤ ላብ በላብ ሆነው። ተጨበጨበ። ንግግር አደረጉ። ስፖርት በተለይም ብስክሌት የሰዓት ጉዳይ መሆኑን አስረዱን። እያንዳንዷ ሰከንድ ዋጋ አላት አሉ። ልጄ በሁለት እጇ ጉልበቷን ታሽ ነበር። ኃላፊው ንግግሩን አመሰገነ። ሌላ ሰው ደግሞ የኃላፊውን ምስጋና አመሰገነ። ባንዲራው ተውለበለበና ልጆቹ ወጡ።

ልጄ ከፊት ነበረች። ይህን የምለው እናት ስለሆንኩ አይደለም፤ ከፊት ነበረች። በሁለተኛው ዙር ላይ ሳለች ሰዓቱ ደረሰ፤ ትራፊኩ ገመዱን አነሣ። እሱ ምን ያድርግ፤ የታዘዘው ነው። የተጠራቀመው ሚኒባስ፣ አይሱዙ፣ ቅጥቅጥ ሁሉ እንደ ጎርፍ ገባ። ልጄን በሁለት ታክሲ መሐል አየኋት። አንዱ ረዳት በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ "ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት" እያለ ይጣራል። እሷን ሲያይ "ነይ ግቢ እህቴ፣ ቦታ አለ፣ ብስክሌቱን ከላይ እናስረዋለን" አላት። ባለቤቴ ሚኒባሱን አስነሥቶ ከኋላዋ ገባ፤ የሌላው ሹፌር ስድብ ሁሉ በእሱ ላይ ወረደ። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ በአንዴ ጀመርኩት፤ አንዱንም አልጨረስኩም።

ዳኞቹ ውድድሩን አቆሙት። ለምርጫ አይበቃም፣ ይደገማል ተባለ። ሜዳሊያው ግን ስለመጣ፣ እንግዳውም ስላሉ፣ ተሰጠ። ልጄ ያልተካሄደ ውድድር አሸንፋ ተሸለመች። ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ ልታደርገው አልፈለገችም። አባቷ ሚኒባሱ መስታወት ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ አድርጎ አንጠለጠለው።

"ይደገማል" የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ገባ፤ እንደ እንግዳ መጥቶ እንደ ዘመድ ተቀመጠ። ክረምቱ ይለፍ ተባለ፤ አለፈ። የአዲስ ዓመት በዓል ይለፍ ተባለ፤ አለፈ። ከዚያ እንግዳው ስብሰባ አላቸው ተባለ፤ እሱ ግን የሚያልፍ አልነበረም። በዚህ መሐል ቦሌ ላይ ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠራ። ያምራል፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ልጄ ልትለማመድበት ሄደች። አንድ ሙሽራና ሙሽሪት ፎቶ እየተነሡበት አገኘቻቸው። ፎቶ አንሺው "እህት፣ ትንሽ ወደዚያ፣ ፍሬም ውስጥ ገባሽ" አላት። ተመልሳ ወደ ጎሮ፣ ወደ አባቷ መብራት።

ኅዳር ላይ አላስችል አለኝና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው በአክብሮት ተነሥቶ ተቀበለኝ። ኮሪደሩ ላይ አዳዲስ ብስክሌቶች ቆመዋል፤ በስጦታ የመጡ ናቸው፤ ላስቲካቸው እንኳ አልተነሣም። በአንዱ መሪ ላይ የጥበቃው ካፖርት ተንጠልጥሏል። ልጄ የምትነዳው ብስክሌት ጎማው ተደጋግሞ የተጠገነ ነበር።

"እነዚህስ?" አልኩት።

"ርክክብ አልተደረገም እናታችን። የርክክብ ሥነ ሥርዓት አለው፤ የክብር እንግዳ ይፈልጋል።"

"ማጣሪያውስ?"

"እሱም የክብር እንግዳ ይፈልጋል።"

"አንድ ላይ አታደርጉትም?"

ቆም ብሎ አሰበበት፤ እውነት ለመናገር አሰበበት። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። "ሁለት ክንውን ነው እናታችን። አንድ ላይ ካደረግነው በሪፖርት አንድ ይሆንብናል" አለኝ። የሚዋሽ ሰው አይደለም። ሻይ አስመጣልኝ። ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ማታ ልጄ ምን አሉ ብላ ጠየቀችኝ። ሻይ ሰጡኝ አልኳት።

"ጊዜው እያለቀ እኮ ነው እማዬ" አለች። ነጋ ሲል ደግሞ ለልምምድ ወጣች። በብርድ፣ በማይታወቅ ቀን ለሚደረግ ውድድር። እኔ በእምነት ኖሬያለሁ እላለሁ፤ ያን ሰሞን ግን እምነት ምን እንደሆነ የሚያውቀው የትኛችን እንደሆነ ጠፋኝ።

ከጥምቀት በኋላ የፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ ሃያ ሁለት አካባቢ በአንድ ሆቴል ተጠራ። ወላጆችም ባለድርሻ አካላት ናችሁና ተገኙ ተባልን። ልጆቹ ከኋላ ወንበር፣ እኛ ከመሐል፣ እንግዳው ከፊት። እኚያው እንግዳ ነበሩ። በዚህ ቀን መንገድ ስላልተዘጋ በሰዓቱ ገብተዋል።

ኃላፊው ሪፖርቱን አቀረበ። ግድግዳው ላይ በትልቁ ይታያል፦ ስኬቶች፣ ተግዳሮቶች፣ የወደፊት አቅጣጫ። የጎሮው ውድድር ከስኬቶቹ መካከል ነበር፤ ክቡር እንግዳ በተገኙበት በደማቅ ሁኔታ ተከፍቷል ይላል። እውነት ነው፤ በደማቅ ሁኔታ ተከፍቷል። መዘጋቱን ነው ያላየነው። ከተግዳሮቶቹ መካከል የኅብረተሰቡ የመንገድ አጠቃቀም ግንዛቤ ማነስ ተጠቅሷል። ይህ እንግዲህ ባለቤቴ መሆኑ ነው። በወደፊት አቅጣጫ ሥር ደግሞ፣ ማጣሪያው ምቹ ሁኔታ ሲፈጠር ይደገማል ተባለ።

"ምቹ ሁኔታ ሲፈጠር" የሚለውን ስንት ጊዜ እንደተየብኩት እኔ አውቃለሁ። የሞተ ዕቅድ ሲገነዝ የሚባል ነገር ነው። ዘወር ብዬ ልጄን አየኋት። ጫማዋን ታይ ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ።

ከምሳ በፊት ምርቃት ነበር። ሊመርቁ የተጠሩት አባት በትራፊክ ምክንያት አልደረሱም። ኃላፊው አዳራሹን ቃኘ፤ ነጭ የለበሰ ሰው ሲፈልግ እኔን አገኘ።

"እናታችን እዚህ አሉ። እናታችን ይመርቁናል፣ አጭር አድርገው።"

መናገር አልወድም። ተነሣሁ። ሰው ሁሉ እንደ ሥርዓቱ መዳፉን ወደ ላይ ዘረጋ፤ እንግዳውም ዘረጉ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። በዚህ አገር ሪፖርት የሚቃወም ሰው ተነሥቶ ሐሳብ ይሰጣል፤ ሐሳቡ ይያዝልዎ ይባላል፤ ያበቃል። ምርቃት ግን መልሱ አንድ ነው።

"ሰላሙን ያብዛልን" አልኩ።

"አሜን" አሉ።

"ዓመት ከዓመት ያድርሰን።"

"አሜን።"

"የልጆቻችንን እግር ይጠብቅልን፤ አጥንታቸውን ያጽናልን።"

"አሜን።"

"መንገድ ስንዘጋ እንግዳችንን ከውስጥ ያድርግልን።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። "አሜን" ግን አሉ፤ አፍ ከለመደ አይቆምም።

"ንግግራችንን ከውድድሩ በኋላ ያድርግልን።"

"አሜን።" ይህ ከልጆቹ ወንበር ነው የመጣው፤ በጩኸት።

"ኮሪደር ላይ የቆመውን ብስክሌት ጎማው ሳይደርቅ ከካፖርት ያላቅቅልን።"

"አሜን" አለ ኃላፊው ራሱ፤ ካለ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው።

"ሁዳዴ ሳይገባ ልጆቻችንን መስመሩ ላይ ያቁምልን። እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም።"

አዳራሹ ሁሉ ወደ እንግዳው ዞረ። እኔም ቆሜ ጠበቅኩ፤ መጠበቅ ያስተማሩኝ እነሱ ናቸው። እንግዳው አንገታቸውን ደፍተው ቆዩና "አሜን" አሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ ተከተለ።

"አሜን ብለን ከመርሳት ይሰውረን" ብዬ ተቀመጥኩ።

ምሳ ላይ እንግዳው ሳህናቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

"እናቴ፣ ሲመርቁ ነው ወይስ ሲቆጡ?"

"እርስዎ አሜን ካሉት ምርቃት ነው" አልኳቸው።

ምቹ ሁኔታው ሳይታሰብ ተፈጠረ። ከሁዳዴ በፊት ባለው እሑድ፣ እዚያው ጎሮ፣ መንገዱም እስከዚያው ሰዓት ድረስ ሊዘጋ ተወሰነ።

ያን ማለዳ ሳይነጋ ኪዳን አደረስኩና ስመጣ ገና ልጆቹ አልተሰለፉም። እንግዳው ግን እዚያ ናቸው። ገመዱ ሳይወጠር ነው የገቡት። ነጭ ጨርቅ ባልለበሰ የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከባለቤቴ አጠገብ፣ ከእኛ ፔርሙዝ ሻይ ይጠጣሉ።

"ክቡርነትዎ የት አድረው ነው?" ይላቸዋል ባለቤቴ።

"ተወኝ እባክህ፤ ሚስትህን ፈርቼ እኮ ነው" ይሉታል።

መንገዱ ተዘጋ። ልጆቹ መስመሩ ላይ ቆሙ። ዳኞቹ ተዘጋጁ። አንድ ሰው ብቻ ጎደለ፤ ኃላፊው። የአሠልጣኙ ስልክ ጮኸ። አሠልጣኙ አነሣው፤ ድምፁ ለእኛም ተሰማ።

"ባነሩን ይዤ ትራፊክ አላሳልፍ አለኝ። በሰሚት ዙር ይለኛል። እንዳትጀምሩ።"

አሠልጣኙ እንግዳውን አየ። እንግዳው እኔን አዩ። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"አሜን ብዬ ነው የመጣሁት፤ ጀምሩ" አሉ። ባንዲራውን ራሳቸው ተቀበሉና ያለ አንድ ቃል አወረዱት። ከሁሉም ንግግራቸው የወደድኩት ይህን ነው።

ልጄ ቀኑን ሙሉ የሚያስኬድ ጉልበት እንዳላት አውቅ ነበር፤ ሌሎቹም እንዳላቸው ግን አላውቅም ነበር። ዙር በዙር ሲያልፉ ልጓም እንደያዘ ሰው ነጠላዬን ጨብጬ ቆምኩ። ከፊት ሁለት ልጆች ተነጠሉ። ልጄ ተከተለች፤ ደረሰች፤ ራቀች፤ ደግሞ ደረሰች። በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ ሦስቱ አንድ ላይ መጡ። መስመሩን ስትሻገር ከሁለተኛዋ ኋላ ቀርታ ነበር፤ አንድ ጎማ ያህል። ሁለት ናቸው የሚሄዱት። እሷ ሦስተኛ ወጣች። እነዚያ ልጆች ጎማቸው አዲስ ነው አልልም፤ የእነሱም የተጠገነ ነው። አዲሶቹ ኮሪደር ላይ ናቸው።

ልጆቹ አስፋልቱ ላይ ወድቀው ሲተነፍሱ ኃላፊው ደረሰ። በእግሩ ነው የመጣው፤ ባነሩን እንደ ምንጣፍ ጠቅልሎ በትከሻው ተሸክሞ፣ ክራቫቱ ወደ ጀርባው ዞሮ። አሳዘነኝ፤ ውኃ ሰጠሁት። ጠጣና ባነሩን ዘረጋ።

"ልጆች፣ አንድ ጊዜ ወደ መስመሩ" አለ። "ለፎቶ ነው። እንደምትጀምሩ ሁናችሁ።"

ያሸነፈችውም፣ የተሸነፈችውም እየሳቁ ተሰለፉ። ልጄ በላብ ርሳ፣ ልትጀምር እንዳለች ሰው ጎንበስ አለች። ያ ፎቶ በዘንድሮው ሪፖርት ሽፋን ላይ ወጥቷል። ልጄ ከሁሉ ጎልታ ትታያለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ብስክሌቱን ከሚኒባሱ ላይ አስረን፣ እሷ መሐል ወንበር ላይ ተኝታ ነበር የሄድነው። ሰፈራችን ከመድረሳችን በፊት ዓይኗን ሳትከፍት አወራችኝ።

"ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ጎበዝ ናት እማዬ። መጨረሻ ላይ ልይዛት ሞከርኩ፣ አቃተኝ።"

"አየሁ።"

"በደንብ ነው የበለጠችኝ።"

"አዎ" አልኩ። አልቅሳ ከሆነ ብዬ አየኋት። ተኝታለች። የመጀመሪያው ቀን ሜዳሊያ ከፊት ለፊት መስታወት ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል። ያን የተሸለመች ቀን ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነበር ያደረችው። ተመስገን አልኩ፤ በዚህ ጊዜ ያለ ተረብ።

ማታ ራት ላይ ባለቤቴ እንጀራውን ጠቀለለና ሳይጎርሰው ያዘው።

"ዛሬ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ" አለ፣ "ልጆቹ ገና ብስክሌታቸውን እየገፉ ሲወጡ፣ አንዱ ሚኒባስ በቀኝ በኩል ሹልክ ብሎ ፊታቸው ድቅን። እነዚህ ሹፌሮች ግን ምን ጉድ ናቸው?"

ልጄ አየችው። እኔም አየሁት። እሱ ጥቅልሉን ጎረሰ።